ጣሪያ ለሌላት መኪና ሽማግሌ ላክን

አባቴ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ለሬሳ። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ፣ ፓሳዴና ውስጥ፣ አንድ ቢጫ ቤት ፊት ለፊት ሣር ላይ ከቆመች አሮጌ ፒክ አፕ ዘንድ ደርሶ ባርኔጣውን ሲያወልቅ መጀመሪያ ሙቀቱ መስሎኝ ነበር። ሙቀቱ አልነበረም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። እኔ ከመሪዬ ሳልነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አየሁት። አባቴን እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

እዚያ የሄድነው ለመኪና አይደለም። እኔ የምሠራው እዚያው ፓሳዴና፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ያን ቅዳሜ ግን እረፍቴ ስለነበር አባቴን ዓይኑን ላስመረምረው ወስጄው ነበር። ዓይኑ ደህና ነው ተባልን። ስንመለስ ዋናው መንገድ ተጨናንቆ በመንደር ውስጥ ለውስጥ ስነዳ፣ አባቴ ለወራት ያልሰማሁትን ድምፅ አውጥቶ «አቁሚ!» አለኝ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ሰው የገጨሁ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ መካኒክ ነበር። ወደ እኔ ካመጣሁት ሁለት ዓመቱ ነው። የሐበሻ ሰፈር የሆነው ፌርፋክስ ላይ ካለው አፓርታማችን ወጣ ሲል መንገደኛው ሁሉ በአማርኛ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ» ይለዋል፤ የሚበላው አላጣም፣ የሚያጫውተው አላጣም። ያጣው ሥራ ነው። በመጣ በሦስተኛው ወር መኪናዬ አልነሳ ብላኝ ጠራሁት። እጅጌውን እየሰበሰበ፣ እያፏጨ ነበር ደረጃውን የወረደው። ኮፈኖውን ብድግ አድርጎ ሞተሩን ሊያይ ጎንበስ ቢል ከዳር እስከ ዳር ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ነው። በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ኮፈኖውን ቀስ ብሎ ዘጋና «ይሄ የሚነካ ነገር የለውም» አለኝ። በማግሥቱ የመጣው ሠራተኛ ኮምፒውተር ሰክቶ ችግሩን እንደ ጋዜጣ አነበበው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚውለው። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ ስጠይቀው ይመልሳል፣ ካልጠየቅኩት አይናገርም። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው፣ ሰው ሳይታመም እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃል። ፈርቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አምጥቼ ገደልኩት እያልኩ ነበር የማድረው።

እና ያ ሰውዬ ነው አሁን ባርኔጣውን አውልቆ የቆመው። ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መሙላት ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ዙሪያዋን ዞሬ አየኋት። ጋቢናዋ ክፍት ነው፤ ጣሪያ የላት፣ በር የላት፣ የጎን መስታወት የላት። ከፊት አንዲት ቀጥ ያለች መስታወት፣ ከኋላዋ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት የቆዳ ወንበር፣ ከወንበሩ ጀርባ በሳንቃ የተሠራች የጭነት ሳጥን። ጎማዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ መሐላቸው ላይ እንደ ጋሪ እግር የእንጨት ዘንግ አለ። ሁሉ ነገሯ ውጭ ነው። ይሄ ከዚያ ጋር ይያያዛል፣ ያ ይሄን ይጎትታል፤ ቆም ብሎ ላየ ሰው የምትደብቀው ምሥጢር የላትም። መቶ ዓመት ገደማ የሆናት ብረት እንደዚያ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ስትቆም ሰው እንዲህም ያስባል እንዴ፣ እንዲህም ይሠራል እንዴ ያሰኛል። መስታወቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል በእጅ የተጻፈ ትልቅ ካርቶን ተደግፏል።

አባቴ እጁን ከኪሱ አወጣ። አየሁት። አውጥቶ መዳፉን ኮፈኖዋ ላይ አሳረፈው።

«ልጅ ሆኜ ጋራዥ ስገባ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዚህች እህት ግቢያችን ውስጥ ነበረች። የሞተች። ዶሮ ነበር የሚያድርባት። አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ የእሷን ሞተር እያስፈታ ነው። ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ሞተር የሚባል ነገር ያወቅኩት በእሷ ነው።»

«ከዚያስ? ተነሳች?»

«ምኗ ይነሳል፣ ግማሽ ዕቃዋ የለ! ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።»

ይሄን እያለኝ የቤቱ በር ተከፍቶ ሴትዮዋ ወጡ። ሰማንያ የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ የአትክልት ጓንት ያጠለቁ አሜሪካዊት። መኪናዋ የባላቸው እንደነበረች፣ ባልየው ካረፉ ሁለት ዓመት እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳላስነሳት በትሕትና ነገሩኝ። ቤቱ ሰፍቷቸዋል፤ ዕቃቸውን ሊቀንሱ ነው።

አሁን ነው እንግዲህ ጉዱ። አባቴ ሴትዮዋ ሲመጡ ባርኔጣውን መለስ አድርጎ ደፋ፣ እጁንም ከመኪናዋ ላይ እሳት እንደነካ ሰው አነሳ። ፊቱ ተለወጠ። መርካቶ የገባ ሰው ሁሉ ይህን ፊት ያውቀዋል። ዞረ፤ አንዱን ጎማ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ምላሱን በንቀት አጮኸ።

«ጎማው አልቋል» አለ። «ቀለሙ የቤት ቀለም ነው። ይሄ የኋላው ሳንቃ ደግሞ ምንድን ነው፣ የዶሮ ቤት ነው? በር የለው፣ ጣሪያ የለው። ዝናብ ሲመጣ ሰውዬው ጃንጥላ ይዞ ሊነዳ ነው? ኧረ ለቁርጥራጭ ብረትም አይሆንም!»

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አባትሽ ምን አሉ?»

ተረጎምኩ። አዎ፣ ተረጎምኩ፤ ጃንጥላውም ሳይቀር። ሥራዬ ላይ ለበሽተኞች ሳስተረጉም አንዲት ቃል እንዳትጎድል ነው የለመድኩት፤ ደግሞም ነውር መሆኑ ፈጽሞ አልታየኝም። የወደደውን ዕቃ የሚያመሰግን ገዢ መርካቶ ላይ ቆዳው ተገፎ ነው የሚወጣው። ማጣጣል ማለት እኮ «ፈልጌዋለሁ፣ እንነጋገር» ማለት ነው። የኛ ነጋዴ ቢሆን «ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ የት ታገኛለህ!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ ወግ ይጀመራል፣ ይሳቃል፣ እጅ ይመታል።

የሴትዮዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። «ያንን ሳንቃ» አሉኝ፣ «ባለቤቴ ነው በእጁ የሠራው። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶበታል።» ጓንታቸውን አውልቀው እንደገና አጠለቁት። «ለአባትሽ ንገሪያቸው። አልሸጥላቸውም።»

«ምን አሉ?» አለኝ አባቴ።

«አልሸጥም አሉ።»

ደስ አለው! እጁን ማሸት ነው የቀረው። «ጎሽ! ተጀመረ» አለኝና ዞሮ ወደ መኪናችን መራመድ ጀመረ። ገዢ ሲሄድ ሻጭ ይጠራል። ሕጉ ይሄ ነው። አባቴ በዝግታ ተራመደ። ከዚያ በጣም በዝግታ ተራመደ። መኪናችን ጋ ደርሶ ጫማውን ሊያስር አጎነበሰ፤ ያ ጫማ ማሰሪያ የለውም። ከኋላችን በሩ ሲዘጋ ሰማን።

«አልጠሩኝም» አለ።

«አባዬ፣ እዚህ አገር አይጠሩም» አልኩት።

እስከ ፌርፋክስ መስኮቱን እያየ ሄደ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። በራሴም በእሱም ተናደድኩ፤ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ፊቴ ላይ ተከፍቶ በአንድ ጃንጥላ ነገር ተዘጋ። ሰኞ መስኮቱ ሥር፣ ማክሰኞ መስኮቱ ሥር። ረቡዕ ማታ ራት ላይ «አስቀይሜያቸዋለሁ» አለኝ።

«አስቀይመሃቸዋል።»

«ባላቸውን ነው የሰደብኩት። በሞተ ሰው እጅ ሥራ ላይ ነው ዶሮ ቤት ያልኩት።» ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አባዬ! ለመኪና? ለፈረንጅ?»

«ሰው አይደሉም? ሰው ሲቀየም ሽማግሌ ይላካል። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።»

እንዲህ ሆኖ ነው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ ጭኜ ወደ ፓሳዴና የነዳሁት። አንደኛው ፌርፋክስ ላይ ቅመም የሚሸጡት ባለሱቅ ናቸው፤ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ባለታክሲ፤ ሦስተኛው፣ ቃል አቀባዩ፣ በዚህ ከተማ ስንቱን ትዳር ጠይቀው እንዳስፈቀዱ ራሳቸውም ረስተውታል። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ። ባለሱቁ ጉልበታቸው ላይ ድፎ ዳቦ ይዘዋል። አባቴ እንደ ወጉ አብሮ አይገባም፤ ሚስት እንዲጠየቅለት ሽማግሌ የላከ ሰው ደጃፍ ላይ አይታይማ። መንገዱ ጥግ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መስኮቱን ዝቅ አድርገንለት ትተነው ሄድን፤ ፊቱን ወደፊት ተክሎ፣ ሰባ አራት ዓመቱ፣ እንደ ሙሽራ ቁጭ።

መኪናዋ አልተሸጠችም፤ ካርቶኑም እንደተደገፈ ነው። በሩን ስናንኳኳ ሴትዮዋ በበሩ ወንፊት በኩል አዩንና ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለናቸው «አመሰግናለሁ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አሉ። ሊዘጉት ሲሉ እኔን ለዩኝ። ፊታቸው ቆጠር አለ፤ ግን ሦስት ያጎነበሱ ሽማግሌዎች ላይ በር መዝጋት ለእሳቸውም ከበዳቸው። በረንዳው ላይ ወንበር አሳዩን። ማንም አልተቀመጠም።

«ለምንድን ነው የማይቀመጡት?» አሉኝ።

«እሺ እስኪሉ አይቀመጡም።»

«ምኑን?»

ቃል አቀባዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤቴ» አሉ፣ «ልጃችን በአፉ በድሎዎታል። አፉ ነው እንጂ ልቡ አይደለም። በአገራችን የወደደ ሰው ያጣጥላል፤ እዚህ እንደዚያ አለመሆኑን ረሳው። የሟቹን ባለቤትዎን እጅ አቃሏልና በእሱ ፈንታ እኛ ቆመን ይቅርታ እንለምናለን። ይቅር ካሉን፣ ያችን በደጅዎ ያለችውን ደግሞ ለልጃችን እንዲሰጡልን እንጠይቃለን።»

በዚህኛው ላይም አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ሴትዮዋ ዳቦውን አዩ፣ ክራባቶቹን አዩ። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ እስካሁን ይገርመኛል፤ ማንም ሳይነግራቸው የልጅቷ ወላጆች የሚጠይቁትን ነበር አንድ በአንድ የጠየቁት።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«መካኒክ ነው፤ አርባ ዓመት።»

«ይጠጣል?»

«ለበዓል።»

«የት ነው የሚያኖራት?»

ባለሱቁ ፈጠን ብለው ከሱቃቸው ጀርባ ጥላ ያለው ቦታ እንዳለ ተናገሩ።

«ለምን ፈለጋት?»

ይሄኛውን ሽማግሌዎቹ አያውቁትም። ወደ እኔ ዞሩ። ስለዚያች የሞተች መኪና፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ሙያውን ስላስተማረችው ግን ድምፅዋን ሰምቶ ስለማያውቀው ሞተር ነገርኳቸው። ስለ ጥቁሩ ፕላስቲክ ክዳንና ስለ ኪሱም ነገርኳቸው።

«ጥሪያቸው» አሉኝ። «ያስነሷት። ካስነሷት እንነጋገራለን።»

አባቴ መጣ። ሴትዮዋን በሁለት እጁ ጨብጦ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ የሚችለው እንግሊዝኛ «ሶሪ» ነበር፣ ሦስቴ አለው። እሳቸው ምንም ሳይሉ የጋራዡን በር ከፈቱለት። ሁላችንም አፋችንን ያዝን። ግድግዳው ሙሉ የመፍቻ መዓት ተሰቅሏል፤ ከእያንዳንዱ መፍቻ ሥር የራሱ ቅርፅ በቀለም ተስሎለታል፤ ቢነሳ ቦታው የቱ እንደሆነ ይታወቃል። አንድም የጠፋ የለም። አባቴ ያን ግድግዳ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ አየው። «እኚህ ሰውዬ» አለኝ፣ «እኚህ ሰውዬ ሰው ነበሩ!» ለሴትዮዋም ተረጎምኩላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት የቆየውን ቤንዚን ቀድቶ አወጣ፤ ለሣር ማጨጃው የተቀመጠውን አዲሱን ጨመረ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በጨርቅ አሸ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፣ መለሰ። ዘይቱን በጣቱ መካከል አሽቶ አሸተተው። አንዴም አልቸኮለ፤ አንዴም አላመነታም። አጠገቡ ቆሜ ኮቱን ታቅፌ፣ ይሄ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ኪስ ውስጥ የከተተው ምን እንደነበር ገና ያኔ አየሁ። እጁ ብቻውን ያስባል። አባቴ እንደዚህ ነበር እንዴ? አብሬው አድጌ እንዴት አላየሁትም?

ይህች መኪና በቁልፍ አትነሳም። ከፊቷ፣ ከራዲያተሯ ሥር፣ አባቴ ማኖቬላ የሚላት የታጠፈች ብረት አለች፤ እሷን ይዘህ በጉልበትህ ነው ሞተሩን የምታዞረው። አባቴ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አንድ ላይ አድርጎ ያዛት። «እንዲህ ካልተያዘች አውራ ጣት ትሰብራለች» አለ ለሽማግሌዎቹ፤ እነሱም ማኖቬላ ሊያዞሩ የመጡ ይመስል በየኪሳቸው ውስጥ አውራ ጣታቸውን አጠፉ።

አንዴ አዞረ፤ ምንም። ደገመ፤ ምንም። ላቡን ጠረገ። ፊቱ ላይ ያን የመስኮት ሥር ፊት አየሁና አምላኬን ለመንኩት፤ ለሕይወቴ እንኳ እንደዚያ አልለመንኩም። ሦስተኛውን ሲያዞር ሳል የሚመስል ድምፅ ከውስጧ ወጣ። አራተኛው ላይ ተነሳች።

ድምፁን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የዛሬ መኪና ዝም ይላል። ይህች ትናገራለች፤ ቆጥራ፣ አንዱን ምት ከሌላው ለይታ፣ መላ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ሳንቃው ጭምር። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ኮፈኖው አስጠጋ። ባርኔጣውን ለሁለተኛ ጊዜ አወለቀ። «ለካ እንዲህ ኖሯል ድምፅሽ» አለ፤ እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም።

ቀና ሲል ሴትዮዋን አየ። ከበረንዳው ወርደዋል። አንድ እጃቸውን አፋቸው ላይ፣ አንዱን የኋላው ሳንቃ ላይ አድርገው ቆመዋል። ሳንቃው ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ እጃቸውም አብሮ። አባቴ ሳንቃው ላይ ያለችውን እጃቸውን ትክ ብሎ አየ።

«አይሽጧት በያቸው» አለኝ።

«ምን?»

«አይሽጧት። ለእኔም፣ ለማንም።»

«አባዬ፣ ኧረ በእመቤቴ! ስንት ነገር አድርገን! ሽማግሌ ልከን!»

«በያቸው አልኩሽ!»

ቃል አቀባዩ አማተቡ። «ልጅቷ ከተፈቀደች በኋላ 'ያስቀምጧት' የሚል ሙሽራ በዕድሜዬ አላየሁም!» አሉ። እኔ ግን ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ታዲያ ማን ያስነሳታል?» አሉ። «እኔ እንደሆንኩ ብረቷን ማዞር አልችልም።»

አባቴ መልሱን አዘጋጅቶ የጠበቀ ይመስል ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። ደግሞ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ዛሬውኑ ብጀምር ይሻላል።»

ተረጎምኩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ «እሺ» አሉ። እሺን የመሰለ ነገር የሰሙት ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ተቀመጡ። በረንዳው ላይ ሳይሆን፣ ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ከመኪናዋ አጠገብ ሣሩ ላይ። ድፎው ተቆረሰ።

አባቴ ሞተሩን አጠፋና ከሥሯ ለመግባት የሚያነጥፈው ፈለገ። ዞር ዞር ብሎ አየና መስታወቷ ላይ የተደገፈውን ካርቶን አነሳው፤ ጽሑፉን ወደ መሬት አድርጎ ዘረጋው፣ ተጋደመበት፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ ገባ። ትንሽ ቆይቶ አንድ እጁ ብቻ ብቅ አለች፤ ዘይት የነካት፣ መዳፏ ወደ ላይ፣ የተዘረጋች። የትኛውን መፍቻ ብዬ ልጠይቀው ጎንበስ ስል፣ ሴትዮዋ ከጋራዡ ግድግዳ ላይ አንዱን አንስተው መጥተው ነበር፤ መዳፉ ላይ አኖሩለት። ጣቶቹ ተጨበጡ፤ እጁ ወደ ውስጥ ተመለሰች። የሚፈልገው እሱኑ ነበር።